የሚቆጠሩ ታሪኮች

አስካለ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የቴፕ ክፍሉን ከፍታ ስትገባ ቶሎ ብላ መብራት አታበራም። በሩን ከኋላዋ ትዘጋና ጨለማው ውስጥ ቆማ ታሸታለች። የድሮ የቴፕ ጥቅል መበላሸት ሲጀምር ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል፤ ሽታው ከትናንቱ ከበረታ ከመደርደሪያዎቹ በአንዱ ላይ የሆነ ጥቅል እየሞተ ነው ማለት ነው፤ መብራት ከበራ ደግሞ ዓይን አፍንጫን ይቀድመዋል። ይህን ያስተማሯት ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው። ክፍሉ ከጣቢያው ሕንፃ ሥር አሥራ አራት ደረጃ ተወርዶ የሚገባበት፣ መስኮት የሌለው፣ ግድግዳው በወፍራም ጨርቅ የተለበጠ ነው፤ የታክሲ ረዳቱ ጩኸት፣ የሎተሪ አዟሪው ድምፅ፣ የግንባታው መዶሻ ሁሉ በሩ ላይ ሲደርስ ቁርጥ ብሎ ይቀራል። ካሸተተች በኋላ መብራቱን ታበራለች፣ ሹራቧን ትደርባለች፣ የሻይ ቴርሞሷን ጠረጴዛው ጥግ ላይ ታስቀምጣለች፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች። ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጡረታ ከወጣች ወዲህ እንዲህ በጉጉት የተነሣችበት ጠዋት አልነበራትም።

ሥራው እንዲህ ነው። በአንድ ወቅት ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶ የሚሰማው «ከጨረቃ ወዲያ» የሚባል የሬዲዮ ድራማ ነበር። «ንጋት» የምትባል የጠፈር መርከብ አዛዡንና አምስት ባልደረቦቹን ይዛ አዲስ ምድር ፍለጋ ትሄዳለች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሄዳ ሄዳ አልደረሰችም። እያንዳንዱ ክፍል የሚጀምረው በስም ጥሪ ነው። አዛዡ አምስቱን አንድ በአንድ ይጠራል፣ እነሱም በየተራ «አለሁ!» ይላሉ፤ በየቤቱ ልጁም አዋቂውም አብሮ «አለሁ!» ይል ነበር። ደራሲው መርዕድ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጻፈውን የሚረሳ ሰው ነው፤ በአንዱ ሳምንት የገደለውን ሰው በሦስተኛው ሳምንት ሻይ ሲያስጠጣው ይገኛል። አስካለ የተቀጠረችው ለዚህ ነበር። የማን ጠባሳ በየትኛው እጅ ላይ እንደሆነ፣ የትኛው በር ወደ የት እንደሚከፈት፣ ማን ምን እንደማያውቅ በደብተሮቿ ትመዘግባለች፤ አንዱ ነገር ከሌላው ሲጋጭ ቀይ እስክሪብቶዋን ታነሣለች። መርዕድ ራሱ ይፈራት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ድራማው ካለቀ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። አሁን ናርዶስ የምትባል ሴት፣ በልጅነቷ አባቷ ጭን ላይ ተቀምጣ እየሰማችው ያደገች አዘጋጅ፣ እንደገና ልታስተላልፈውና ካቆመበት ልታስቀጥለው ተነሣች። ዋናው ድራማ ብቻ ቢሆን ምንም ችግር አልነበረም። ችግሩ በጎኑ የበቀሉት አርባ አንድ ታሪኮች ናቸው፤ ሌሎች ጸሐፊዎች ለበዓል ልዩ ዝግጅት፣ ለቅዳሜ ከሰዓት፣ ለልጆች ሰዓት የጻፏቸው፣ በአንዱ የሞተው በሌላው የሚያገባባቸው። ከእነዚህ የትኛው በእርግጥ የሆነ፣ የትኛው ደግሞ ያልሆነ ተብሎ እንደሚያዝ የሚወስን ሦስት ሰው ተሰየመ፤ ናርዶስ፣ አስካለ፣ እና የድሮው የድምፅ ባለሙያ ጋሽ ወንድይፍራው።

«እንግዲህ ቀኖና ልንደነግግ ነዋ!» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው በመጀመሪያው ስብሰባ፣ መነጽራቸውን በከረባታቸው እየወለወሉ። «ጳጳሱ ማን ሊሆን ነው?»

ለእያንዳንዱ ታሪክ አንድ ገጽ ቅጽ ተዘጋጀ። ከላይ የታሪኩ ስም፣ ከሥሩ «ይቆጠራል» ወይም «አይቆጠርም» የሚል ምርጫ፣ የሦስቱ ፊርማ፣ ከታች ደግሞ «ማስታረቂያ» የሚል አንድ መስመር። የሚቆጠረው ታሪክ ከዋናው ድራማ የሚጋጭበት ቦታ ካለ ሁለቱን የሚያስማማ ዓረፍተ ነገር እዚያ ላይ ይጻፋል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ መርዕድ የጻፈው አይነካም። ሕጉን ያወጣችው ናርዶስ ብትሆንም አስካለ ዕድሜዋን ሙሉ በደሟ ይዛው የኖረችው ነው፤ ማስታረቂያውን መጻፍም ሳይነጋገሩበት የእሷ ሥራ ሆነ።

ከአርባ አንዱ ታሪክ አርባው ለእሷ ሥራ ብቻ ነበር። አርባ አንደኛው ከበሩ በስተግራ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ባለ አንድ ካርቶን ውስጥ ነው። «የንጋት ልጆች፣ አሥራ ሁለት ጥቅል» ይላል ካርቶኑ፤ ጽሕፈቱ የራሷ ነው። የልጆች ሰዓት ድራማ ነበር። የጻፈው መምህር፣ አንድ ቀን አስካለ ልጇን ይዛ ሥራ ስትመጣ፣ ሕፃኗ ኮሪደር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ጮክ ብላ ስታነብ ሰማና «ይቺን ስጪኝ» አላት። ሶስና አሥር ዓመቷ ነበር። አባቷን ሳታውቀው አጥታ እናቷ ብቻዋን ያሳደገቻት፣ ክረምት ከበጋ ጉንፋን የማይለቃት፣ ስታነብ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ አፍንጫዋን ሳብ የምታደርግ ልጅ። ብሌን የምትባል፣ መርከቧ ውስጥ ተደብቃ የገባች ልጅ ሆና ተጫወተች። በአሥራ ሁለተኛው ክፍል መርከቧ ላይ አደጋ ይደርሳል፤ አዛዡ ብሌንን ታችኛው መጋዘን ውስጥ ያስገባትና «እስክመለስ እዚሁ ቆዪ» ይላታል፤ ከባድ የብረት በር ይዘጋል። የሚቀጥለው ሳምንት ሲደርስ በሩ ሊከፈት ነበር።

ሶስና ያንን ክፍል ቅዳሜ ቀረጸች፤ ሰኞ አንገቷን አመማት፤ ረቡዕ ሞተች። ሐኪሞቹ ማጅራት ገትር ነው አሉ። በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀበረች። አስካለን የጎረቤት ሴቶች «አንቺ አትችይውም» ብለው እጅና እግሯን ይዘው ከቤት አስቀሯት፤ ሣጥኑ ሲወርድ አላየችም። መምህሩ አሥራ ሦስተኛውን ክፍል መጻፍ አቃተው፤ ፕሮግራሙም በዚያው ተዘጋ። ይኸው ሃያ አንድ ዓመት፣ ብሌን ከዚያ በር ጀርባ ተቀምጣለች። ያኔ ሞባይል የለ፣ ቪዲዮ የለ፤ ከሶስና በዚህ ዓለም ላይ የቀረ ድምፅ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። አስካለ አንድም ቀን ከፍታ አላዳመጠችውም፤ መኖሩን ማወቅ ይበቃት ነበር።

መርዕድ ግን ከዚያ በኋላ፣ የልጆቹን ድራማ ጨርሶ ሳያስታውስ፣ ታችኛው መጋዘን እንደታሸገ፣ እስከ ጉዞው ፍጻሜም ማንም እንዳልከፈተው በዋናው ድራማ ጽፏል። እንግዲያ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ልጅቷ ያለችበት ታሪክ ከዋናው ይጋጫል። የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን አስካለ ራሷ በቀይ እስክሪብቶ ትሰርዘው ነበር። ልጇ ትቆጠር ወይስ አትቆጠር የሚለውን ፈርማ የምትወስነው እሷ መሆኗን ስታስብ የካርቶኑን ተራ ወደ መጨረሻ ገፋችው።

የመጀመሪያው ሳምንት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ አንድ የልደት በዓል ታሪክ ከዋናው ጋር ይስማማ እንደሆነ ለማየት፣ የድራማውን የሁለተኛ ዓመት ጥቅል አውጥታ መሣሪያው ላይ ሰካች። ሶስና ከመወለዷ አምስት ዓመት በፊት የተቀረጸ ነው። አዛዡ ጠራ፣ አምስቱም «አለሁ» አሉ። ከዚያ ሁለት ሰከንድ ዝም ተብሎ ሙዚቃው ይገባል፤ በደብተሯ ያለው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልተለወጠው ይህ ነው። ሙዚቃው አልገባም። ሳታስበው በጣቷ ጠረጴዛውን እየነካች ቆጠረች፤ ስድስት ሰከንድ ሆነ። ያረጀ ክር ይለጠጣል ብላ ቅጹ ጥግ ላይ በእርሳስ ጻፈችው። በማግሥቱ ከሌላ ዓመት ሌላ ጥቅል ሰማች፤ ዘጠኝ ሰከንድ። ስድስተኛ ሰው ሊጠራ እንደታሰበ፣ አዛዡ ግን ስሙ ጠፍቶት አፉን ከፍቶ እንደቀረ ያለ ዝምታ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ዝምታው ውስጥ ትንፋሽ ሰማች።

በጣም ትንሽ ነገር ናት፤ ሹራብ ከሹራብ ሲታከክ ከሚሰማው አትበልጥም፤ ከሩቅ፣ ከጠባብና ግድግዳው ከቀረበ ቦታ የምትመጣ፣ ጥቂት ቆይታ እንደገና የምትሰማ፣ መጨረሻዋ ላይ እርጥብ የሆነች። አስካለ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ጫን አድርጋ የራሷን ትንፋሽ ያዘች። ድምፁ አልቆመም፤ የራሷ አልነበረም። የላይኛው መብራት ዥዥ ይላል፤ ከበሩ በስተግራ ያለው መደርደሪያ ሥር ጨለማው ከሌላው ቦታ ይልቅ የጠቆረ መሰላት። ወዲያው ወጥታ አሥራ አራቱን ደረጃ እየቆጠረች ፀሐይ ላይ ቆመች።

ጋሽ ወንድይፍራውን ይዛቸው ተመለሰች። ሰባ አራት ዓመታቸው ቢሆንም ጆሯቸው የወጣት ነው፤ የሰው እርምጃ ሰምተው የጫማውን ቁጥር የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«ድምፅ ያልፋል» አሏት ወንበሩን ወደ መሣሪያው እየሳቡ። «ጥቅል ብዙ ዓመት ሲቀመጥ የአንዱ ዙር ድምፅ ላዩ ላይ ወዳለው ዙር ያልፋል። እኔ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ሰውየው ገና ሳይናገር የሚናገረው ከሩቅ ይሰማል። አትደንግጪ።»

«ከሌላ ጥቅልስ ያልፋል፣ ጋሽ ወንድይፍራው? ካልተቀረጸበት ዘመን?»

ማዳመጫውን አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ክሩ ዞረ፤ ስም ጥሪው አለፈ። ከዚያ ቅንድባቸው ሲነሣ፣ ከንፈራቸው ሲደርቅ አየች። ማዳመጫውን ቀስ ብለው አወለቁ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ገመዱን በጥንቃቄ ጠቀለሉ፣ እሷን ግን አላዩአትም።

«ጉንፋን አለባት» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ጉዳዩ አልተነጋገሩም፤ ሥራውም አልቆመም። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመው ጥሎ ይሮጣል ተብሎ ይታሰባል፤ አስካለ ግን ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት መድረስ ጀመረች። በየጥቅሉ ስም ጥሪውን ትሰማለች፣ ዝምታው ሲመጣ ያችን ትንፋሽ ትጠብቃለች፣ ስትመጣ በመዳፏ አፏን ይዛ ታለቅሳለች። ፍርሃቱ አልጠፋም። ግን እናት ናት፤ ሃያ አንድ ዓመት የናፈቃትን ነገር በጆሮዋ እያገኘች እንዴት አትመጣም? አንድ ቀን በዝምታው መሐል፣ ለራሷም በማይሰማ ድምፅ፣ «ሶስና» አለች። ትንፋሿ ቆመች። ሰው ስሙን ሲሰማ እንደሚያደርገው፣ ጆሮ ለመስጠት የቆመች ትንፋሽ ነበረች።

በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ነገር መጣ። «አይቆጠርም» ብለው ከፈረሙባቸው ታሪኮች አንዱ ላይ የአንድ ሰው ስም ማረጋገጥ ፈልጋ ጥቅሉን ሰካችው። ሽሽሽ የሚል ባዶ ድምፅ ብቻ። ወደ ፊት አስኬደችው፤ ባዶ። ገልብጣ ሞከረችው፤ ያው። ከሳምንት በፊት በገዛ ጆሮዋ ሠርግና ጭብጨባ የሰማችበት ጥቅል ነው። የተሰረዙትን ሌሎች ስድስት ጥቅሎች አወጣች፤ ስድስቱም ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነበሩ። ናርዶስ መጥታ መሣሪያውን ወቀሰች፣ ቴክኒሻን አስጠራች፣ ኮምፒውተሯ ላይ የገለበጠችውን ቅጂ ከፈተች። ቅጂውም ባዶ ነበር። «ቫይረስ ሊሆን ይችላል» አለች፤ ድምፅዋ ግን ራሷንም አላሳመናትም። የሚቆጠሩት ታሪኮች ሁሉ ደህና ነበሩ።

ከዚያ ደግሞ የአቶ ይልማ ነገር ተሰማ። አቶ ይልማ በድራማው የመርከቧ መካኒክ ሆነው የተጫወቱ ተዋናይ ናቸው፤ ስትሮክ ከመታቸው አራት ዓመት፣ ቃል ከአፋቸው ከወጣም አራት ዓመት ነው። መካኒኩ በመርዝ ጭስ ድምፁ ተዘግቶ በፍጻሜው እንደገና የሚናገርበት አንድ የፋሲካ ልዩ ዝግጅት ነበር፤ ሰኞ ዕለት «ይቆጠራል» ብለው ፈረሙበት። ማክሰኞ ጠዋት ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ እያለቀሱ ደወሉ። «አስካልዬ፣ ይልማ ተናገረ! ቁጭ ብሎ፣ ጥርት አድርጎ ተናገረ!»

አስካለ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የተሰረዘው ይጠፋል፤ የተቆጠረው ደግሞ ድምፁን በሰጠው ሰው ላይ ይሆናል። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ብትናገረው እብድ ይሏታል፤ እውነት ከሆነ ደግሞ ሊከለክሏት ይችላሉ። ምሳዋን ሳትበላ ዋለች። ካርቶኑን ከታችኛው መደርደሪያ አንሥታ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችውና መዳፏን ከላዩ አደረገች፤ ከክፍሉ ቅዝቃዜ ጋር የማይሄድ ትንሽ ሙቀት ነበረው።

በሳምንቱ ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ደወለች። የሴትየዋ ድምፅ ወድቋል። «ምን ልበልሽ» አሏት። «‹ሞተሩ ገና ትኩስ ነው፣ አትንኩት› ይላል። ሌላ የለም። ራበኝ ለማለትም እሱኑ ነው፣ ሳለቅስ ሲያየኝም እሱኑ ነው። ዓይኑ ሌላ ነገር ሊነግረኝ ይፈልጋል፣ ከአፉ የሚወጣው ግን እሱው ነው።» አስካለ ያንን ዓረፍተ ነገር ታውቀዋለች፤ የፋሲካው ታሪክ የመጨረሻ ንግግር ነው፣ ቃል በቃል። «እግዜር ያውቃል፣ ቀስ በቀስ ይሻለው ይሆናል» ብላ አጽናናቻቸው፤ ሌላውን ማሰብ አልፈለገችም። ሰው ተስፋ ሲይዘው የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚሰማው።

የአርባ አንደኛው ታሪክ ስብሰባ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ናርዶስ ወንበሯን ከአስካለ አጠገብ አደረገች። እሷም በልጅነቷ ብሌንን ትወዳት ነበር፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ስንት ቅዳሜ ሬዲዮ አጠገብ ተቀምጣ እንደጠበቀች ተናገረች። «እትዬ አስካለ፣ እንዲህ ያለ ነገር ልጠይቅዎት አይገባኝም ነበር» አለች። «ግን መጋዘኑ በዋናው ድራማ ታሽጓል። እንዴት አድርገን እንቆጥረዋለን?»

«አይቆጠርም ካልን ምን እንደሚሆን አይተሻል፤ ባዶ ይሆናል» አለች አስካለ። «ድምፅዋ ይጠፋል። ሌላ የለኝም፣ ልጄ። ሌላ ምንም የለኝም።»

ጋሽ ወንድይፍራው እጃቸውን ዘርግተው የአስካለን እጅ ያዙ። ያንን የብረት በር በድምፅ የዘጉት እሳቸው ናቸው፤ ዕቃ ቤት ካለ የብረት ቁምሳጥን ድምፁን አውጥተው፣ ሶስና ደንግጣ ስትስቅ በጣታቸው ዝም አሰኝተዋት ነበር።

«አስኩ፣ ልጅቷ ትረፍ» አሏት። «ይቅርብሽ። ባዶ ቢሆን ባዶ ይሁን። እኔ በዚያ ማዳመጫ የሰማሁትን... ትረፍ በይ እባክሽ።»

«ይቆጠራል» አለች አስካለ።

ናርዶስ እንባዋን ጠርጋ ፈረመች። ጋሽ ወንድይፍራው የአስካለን ፊት አይተው ፈረሙና ኮታቸውን ይዘው ወጡ። የማስታረቂያው መስመር ቀረ። አስካለ ብቻዋን መጻፍ እንደምትፈልግ ለናርዶስ ነገረቻት፤ በሩ ተዘጋና ክፍሉ ውስጥ የመብራቱ ዥዥታና የእስክሪብቶዋ ጫፍ ብቻ ቀሩ።

መጀመሪያ ልትጽፍ ያሰበችው «በሩ ተከፈተ» የሚል ነበር። ሁለት ቃል። ቀላል ነው፤ አዛዡ ተመለሰ፣ በሩ ተከፈተ፣ ልጅቷ ወጣች። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፤ እጇ ግን እምቢ አላት። መርዕድ መጋዘኑ አልተከፈተም ብሏል። ይህን ያለበት ክፍል ቁጥር፣ የተናገረው ሰው፣ በደብተሯ ያለበት ገጽ ሁሉ ፊቷ ላይ ተደቀነ። ዋናውን የሚጥስ ማስታረቂያ ማስታረቂያ አይደለም፤ ከነአካቴው ውድቅ ነው፤ ታሪኩም አብሮ ይወድቃል፣ ጥቅሉም ባዶ ይሆናል። ለስንት ዓመት ሰው ስታርም የኖረች ሴት አሁን በልጇ ላይ ስሕተት አትሠራም። ስለዚህ ላቧን በመሐረቧ ጠርጋ፣ ከዋናው ጋር በምንም የማይጋጭ፣ አንድም ቀዳዳ የሌለው፣ በሕይወቷ የጻፈችውን ምርጥ ማስታረቂያ ጻፈች። «የተዘጋው እንደተዘጋ ነው፤ አልተከፈተም። ልጅቷ ግን ውስጥ በሕይወት አለች።» ቀኑን አስገባች፤ ሰዓቱን አስገባች፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት።

ወዲያው አንድ ጥቅል መሣሪያው ላይ ሰካች። አዛዡ ጠራ፤ አምስቱም «አለሁ» አሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሙዚቃው ገባ። ሌላ ጥቅል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሙዚቃ። ትንፋሿ የለም። ያ ሰው የሚጠብቅ የሚመስለው ረጅም ዝምታም የለም። ሄዳለች ማለት ነው! አስካለ ሳቀች፤ ከዓመታት በኋላ ከሆዷ የወጣ ሳቅ ነበር። ከዚህ ጨለማ ወጥታለች፤ ወዴት ትሄዳለች፣ ወደ ቤቷ እንጂ። ሹራቧን ወንበሩ ላይ ረስታ ደረጃውን እንደ ወጣት ወጣችው።

ቤት ደርሳ የሶስናን አልጋ አነጠፈች። ከቁምሳጥኑ አናት ላይ ያለውን ሻንጣ አውርዳ ቀሚሶቿን አጠበች፣ ተኮሰች፣ ልጅ ሆና ይሁን ትልቅ ሴት ሆና እንደምትመጣ ስለማታውቅ የራሷንም ሁለት ቀሚስ አብራ ሰቀለች። የግቢውን በር መቀርቀሪያ አንሥታ ገርበብ አድርጋ ተወችው። ሐሙስ አለፈ። ዓርብ ኮሽ ባለ ቁጥር ብድግ ትላለች፤ የጎረቤት ድመት ናት፣ ነፋስ ነው። ቅዳሜ ሙሉ ቀን በረንዳ ላይ ተቀመጠች፤ ስልኳ ቢጮህ አላነሣችም፣ የሚያንኳኳ ቢመጣ እንዳያልፋት። ደስታዋ ቀስ በቀስ ከላይ እስከ ታች በፍርሃት ተተካ፤ ምን እንደሚያስፈራት ግን ለራሷ መናገር አልቻለችም። «ውስጥ» ብላ የጻፈችው ቃል ደጋግሞ ይመጣባታል፤ እጇን ታወናጭፍና ታባርረዋለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ተበትኖ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለው መካነ መቃብር ሄደች። ለምን እንደሄደች ቢጠይቋት ላመሰግን ነው ትል ነበር። ሣሩ ረዝሟል፤ ከባሕር ዛፎቹ ሥር እርጥብ አፈር ይሸታል። የሶስና ድንጋይ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከግንቡ አጠገብ ነው። ዘበኛው፣ ጋቢ የለበሱ ረጋ ያሉ ሽማግሌ፣ በረድፎቹ መሐል ጎንበስ ብለው በብትራቸው ሣሩን ሲገላልጡ አገኘቻቸው። ሲያዩአት ቀና ብለው ሰላምታ ሰጧት።

«ምን ጠፋዎት፣ አባቴ?» አለቻቸው።

«ኧረ ሬዲዮ ነው፣ እናቴ» አሉ። «አንዱ ሬዲዮውን እዚህ አካባቢ ጥሎ ሄዷል። ሐሙስ አሥር ሰዓት ግድም ነው የጀመረው። አንዲት ልጅ እናቷን የምትጣራበት ድራማ ነገር ነው፤ ቀንም ሌሊትም አያቆም። እዚህ ጋ ስቆም ይሰማኛል፣ ሣሩን ስገልጥ ግን ምንም የለም።»

ብትራቸውን ከሦስተኛው ረድፍ መጨረሻ፣ ከግንቡ አጠገብ ካለችው ትንሽ ድንጋይ ላይ አሳርፈው፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ጥቂት አዳመጡ።

«ከትናንት ወዲህ እንኳ ደከም ብሏል» አሉ፤ «ባትሪው እያለቀ ነው መሰለኝ።»